የልጅ ታይሮይድ ካንሰር ሕክምና፦ ከአንዲት እናት ደብተር

እብጠቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። የሸሚዟን የአንገት ቁልፍ ስቆልፍላት ቀና በይ አልኳት፤ ምራቋን ስትውጥ ከጉሮሮዋ በስተቀኝ አንድ ነገር አብሮ ወጣና አብሮ ወረደ። ነካሁት። ጠጠር ያለ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነው። "ያምሻል?" ስላት "ኧረ ምንም" አለችኝ።

አለማመሙ አዘናጋኝ። ቢያማት ኖሮ በማግሥቱ ይዣት እሄድ ነበር። መጀመሪያ ያያት ሐኪም ደግሞ "ንፍፊት ነው፣ ጉሮሮዋ ታሞ ይሆናል" ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘልን፤ ሦስት ወር በዚሁ ሄደ። እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ስትውጥ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከታይሮይድ ዕጢ (ከጉሮሮ ፊት ለፊት ካለችው፣ ሆርሞን ከምታመነጨው ዕጢ) ጋር የተያያዘ ነው። በአንገት ጎን የወጣ፣ የማያም፣ ሳምንታት አልፈውትም የማይሟሽሽ ንፍፊትም ቢሆን ዝም አይባልም፤ የልጆች ታይሮይድ ካንሰር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በዚያ በኩል ነው። ልጅ ላይ የታይሮይድ እብጠት እምብዛም አይወጣም። ከወጣ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂ ይበልጣል፤ በአዋቂ ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆነው፣ በልጅ ከመቶ 22 እስከ 26 ይደርሳል።

ሙያዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ቀንና ቁጥር ሳልጽፍ ማደር አልችልም፤ ስለዚህ ያለፍንባቸው ሰባት ዓመታት በአንድ ወፍራም ደብተር ውስጥ አሉ። የምቀዳላችሁ ከዚያ ነው። የመድኃኒት መጠንና ውሳኔ የሐኪማችሁ ነው፤ የእኔ ድርሻ እሱ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ፣ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ምን እንደምትሠሩ መንገር ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በልጆች ላይ ከሚገኙት የታይሮይድ ካንሰሮች አብዛኞቹ ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ እሱ ደግሞ ዝግተኛ ነው። ወደ አንገት ንፍፊቶች የመሄድ ልማድ አለው፣ ሳንባም ላይ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ከመቶ ልጆች ከ95 በላይ የሚሆኑት ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ስለዚህ ካንሰር የሚለውን ቃል በሰማችሁበት ምሽት "ነገውኑ ይቆረጥልን" አትበሉ። ተኙ ማለቴ አይደለም። ጥቂት ሳምንታት አሏችሁ፤ እነዚያን ሳምንታት ትክክለኛውን እጅ መፈለጊያ አድርጓቸው።

ምርመራው

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና። የደሙ ውጤት ደህና ስለሆነ ብቻ አትረጋጉ። የልጄ ሆርሞን አንድም የጎደለው ነገር አልነበረውም፤ ዕጢው ካንሰር ይዞም ሥራውን ይሠራል።

አልትራሳውንዱ ላይ ልጠንቀቅላችሁ። የእኛ የመጀመሪያው ውጤት ስለ ዕጢው ሁለት አንቀጽ ነበረው፣ ስለ አንገቷ ጎኖች ግን አንድ ቃል የለውም። ቀዶ ሐኪሟ ወረቀቱን አንብበው አስቀመጡትና "እንደገና ይነሳ፤ አሁን ግን ከመንጋጋ እስከ አንገቷ ግርጌ፣ በሁለቱም በኩል" አሉ። በቀኝ በኩል ሦስት የተጠረጠሩ ንፍፊቶች ተገኙ። የቀዶ ሕክምናው ዕቅድ በዚያ አንድ ምስል ተቀየረ። ውጤቱን ስትቀበሉ "የአንገቷ ጎኖች ታይተዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ናሙናው ሲወሰድ ልጄ "ስንት ጊዜ ይወጋኛል?" አለች። አንዴ ብቻ ብዬ ልዋሽ አፌን ስከፍት ሐኪሙ ቀደመኝ፤ "ሦስት ወይም አራት ጊዜ። በየመሀሉ እናርፋለን" አላት። አራተኛው ላይ ራሷ "ጨረስን አይደል?" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጅ ቁጥሩን መንገር ቃሉን ከመደበቅ ይሻላል ብዬ ይዣለሁ። ካንሰር የሚለውንም እንዲሁ ነገርኳት፤ ባልነግራትም ከሆስፒታሉ ካርድ ላይ ታነበው ነበር።

ውጤቱ ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ አዮዲን ሕክምና አይመለከታችሁም፤ ሕክምናው የታይሮይድ ሴል አዮዲን ስለሚስብ ጨረር ያለው አዮዲን አስውጦ የቀረውን ካንሰር መግደል ነው፣ ያ ካንሰር ግን አዮዲን አይስብም። እሱ በልጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ፣ ሬት ከሚባለው ጂን ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ወላጆችም ወንድምና እኅቶችም የጂን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ጂኑ የተገኘባቸው ልጆች ካንሰሩ ገና ሳይጀምር ዕጢው እንዲወጣ ይደረጋል፤ በጣም ኃይለኛ በሆነው የጂን ለውጥ ገና በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ውስጥ።

ሌሊት ሌሊት "ምን አድርጌባት ነው?" እያልኩ ስገላበጥ የከረምኩበት ጊዜም አለ። ለአብዛኞቹ ልጆች መልሱ ምንም ነው። በደንብ የታወቀው ምክንያት በልጅነት አንገት ላይ ያረፈ ጨረር ነው፤ ለሌላ ካንሰር በተሰጠ የጨረር ሕክምናም ይሁን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ እንደደረሰው ባለ አደጋ። እዚያ ልጆቹ የተመረዘ ወተት ጠጥተው ነው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወደ ዕጢያቸው የገባው። የሚገርመው፣ በኋላ ልጄ የዋጠችው መድኃኒትም ያው አዮዲን 131 ነው። በአነስተኛ መጠን የሴሉን ዘር ያበላሻል፣ በከፍተኛ መጠን ሴሉን ራሱን ይገድለዋል።

ቀዶ ሐኪም መምረጥ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የወላጅ ውሳኔ ከሁሉ በላይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጆች ብቻ ብሎ ያወጣው መመሪያ፣ ቀዶ ሕክምናው በዓመት 30 ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ የአንገት ሥራ በሚሠራ ሰው እጅ እንዲሆን ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዕጢው ጀርባ ድምፅ የሚያዝዙ ሁለት ክር የሚያካክሉ ነርቮች ያልፋሉ፤ ዕጢው ላይ ደግሞ ምስር የሚያካክሉ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ተለጥፈዋል። እነሱ ከተጎዱ የደም ካልሲየም ይወርዳል። የልጅ አንገት ደግሞ ትንሽ ነው።

ጥያቄውን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ተለማመድኩ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዓመት ስንት ይሠራሉ? ከነሱ ውስጥ ልጆች ስንት ናቸው?" የመጀመሪያው ሐኪም ተቆጣ። ሁለተኛዋ ቁጥሩን ነገረችኝና "ልጆች ላይ ብዙ ስለማልሠራ የልጆች ቀዶ ሐኪም አብሮኝ ይገባል" አለች። ሦስተኛው፣ አልትራሳውንዱን ያስደገሙት፣ ቁጥሩንም ከነሱ ውስጥ ስንቶቹ ድምፃቸው እንደተጎዳም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እሳቸውን አምስት ሳምንት ጠበቅን። ዘመድ ሁሉ "ካንሰር ይጠበቃል እንዴ?" እያለ ደወለልኝ። ይጠበቃል፤ ይህኛው ይጠበቃል።

ለአብዛኞቹ ልጆች የሚወጣው ዕጢው በሙሉ ነው፤ ፓፒላሪው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ክንፍ ስለሚነካ። ግማሹ ብቻ ይውጣ ከተባላችሁ ለምን እንደሆነ፣ ሙሉው ይውጣ ከተባላችሁም እንዲሁ ለምን እንደሆነ አስረዱኝ በሉ። የጎን ንፍፊቶች የሚወጡት በናሙና ካንሰር እንዳለባቸው ሲረጋገጥ ነው፤ በጥርጣሬ ብቻ አይነኩም።

ጉንዳኖቹ

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ድምፅ ነበራት፣ ሻካራ ግን ነበር፤ ሻካራነቱ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃት። ያልጠበቅኩት በሁለተኛው ሌሊት መጣ።

"እማ፣ ከንፈሬ ላይ ጉንዳን ይሄዳል" አለችኝ። መብራት አብርቼ አየሁ፣ ምንም የለም። ትንሽ ቆይታ ጣቶቿን ታሽ ጀመር። ነርሷ የደም ግፊት ልትለካት ክንዷ ላይ ያሰረችውን ስትነፋ የልጄ እጅ ከአንጓው ታጥፎ ጣቶቿ አንድ ላይ ተጣበቁ፣ እንደ ወፍ አፍ። ነርሷ ወዲያው ለቀቀችውና ሐኪም ጠራች። ካልሲየም በደም ሥሯ፣ በቀስታ፣ የልብ ምቷ እየታየ ተሰጣት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ "ጉንዳኖቹ ሄዱ" ብላ ተኛች። ጠዋት ለእናቴ በስልክ ሳወራላት "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው!" አለችኝ። ተረቱ እንዲህ ቃል በቃል ገጥሞ አያውቅምና ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

የካልሲየም መውረድ በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው የሚታየው። ልጁን አስቀድማችሁ አስተምሩት፦ ከንፈር ወይም ጣት ከወረረህ፣ ከደነዘዘህ፣ ጡንቻህ ከተሳሰረ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ተናገር። እናንተም ቤት ከሄዳችሁ በኋላ ይህን ስታዩ ደውላችሁ ቀጠሮ አትያዙ፣ ሂዱ። የሚታዘዘው ካልሲየምና የሚሠራው ዓይነት ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲትሪዮል፣ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ልጄ በስምንተኛው ሳምንት ጨረሰች። ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ ልጆችም አሉ።

ጠባሳው ብዙ አያስጨንቃችሁ። ከፀሐይ ከልሉት።

አዮዲኑ

ሁሉም ልጅ አያስፈልገውም። ካንሰሩ ከዕጢው ያልወጣ ከሆነ ክትትል ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ "ሁሉም ልጅ ይወስደዋል" ካሏችሁ "የእኛዋስ ለምን ያስፈልጋታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ለልጄ ያስፈለጋት በንፍፊቶቿ ብዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ደረሰብን። ደረቷን ሲቲ ስካን ሊያነሷት ሲሉ በደም ሥሯ የሚሰጥ ማቅለሚያ ሰጧት። ማቅለሚያው አዮዲን እንዳለው የነገረኝ አልነበረም። ሰውነቷ በአዮዲን ስለጠገበ ራዲዮአክቲቩ የሚገባበት ቦታ አጣ፤ ሕክምናው ከሁለት ወር በላይ ተገፋ። ማቅለሚያው አንዳንዴ ለቀዶ ሕክምናው ዕቅድ ያስፈልጋል፣ ክልክልም አይደለም። ግን ከመሰጠቱ በፊት "አዮዲን አለው? ለቀጣዩ ሕክምና ምን ያህል ያዘገየናል?" በሉ።

ዝግጅቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አዮዲን የሚያንሰው ምግብ፣ አንድ ሁለት ሳምንት። ብዙ ሰው ጨው የሌለው ምግብ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ይፈቀዳል። የሚቀረው አዮዲን ያለው ጨው፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ከባሕር የሚወጣ ሁሉ፣ ጨው የበዛበት የታሸገ ምግብና አንዳንድ ቀይ ቀለም ያለው ከረሜላና ሽሮፕ ነው። ቫይታሚኖችንና አዮዲን ያለበትን የቁስል ማጽጃ አትርሱ። ሁለተኛው ቲኤስኤች የሚባለውን፣ የታይሮይድ ሴሎችን የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ከ30 በላይ ማድረስ ነው። ለዚህ የወጣውን ዕጢ ሆርሞን የሚተካው የታይሮይድ ክኒን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቋረጣል፤ በምትኩ ሁለት መርፌ የሚሰጡም አሉ። እኛ አቋረጥን። በአሥረኛው ቀን ፊቷ አብጦ፣ ብርድ ብርድ እያላት፣ ቃል ለማውጣት እየከበዳት ሶፋ ላይ ውላ ታድር ጀመር። ለትምህርት ቤቷ አስቀድሜ ስለነገርኩ ፈተና አላስቀመጧትም።

መድኃኒቱ ካፕሱል ነው፣ ፈሳሽም ይኖራል። ካፕሱል መዋጥ የማይችል ልጅ ካላችሁ ከሳምንታት በፊት በባዶ ካፕሱል አለማምዱት። ከዋጠች በኋላ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትሆነው፤ እኔ በሩ አጠገብ ከመከለያው ጀርባ ተቀምጬ አነብላት ነበር። ወደ ክፍሉ የሚገባ ዕቃ ላይወጣ ስለሚችል የምትወደውን አሻንጉሊት አታስገቡ። ብዙ ውኃ ትጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ትሽና፣ ሆዷ አይድረቅ፤ ጨረሩ ከሰውነቷ የሚወጣው በዚህ ነው። ሽንት ቤቱን ሁለቴ ልቀቁ፣ ወንድ ልጅም ተቀምጦ ይሽና። የምራቅ ዕጢዎቿን ለማዳን ጎምዛዛ ከረሜላ ይሰጣል፤ በስንተኛው ሰዓት እንደሚጀመር እነሱን ጠይቁ። ቤት ስትመለስ ለጥቂት ቀናት ለብቻዋ ትተኛለች፤ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ሴቶች ትራቃለች። ስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።

የወር አበባ ያየች ልጅ ከሆነች የእርግዝና ምርመራ ይጠየቃል። አትቀየሙ፤ ሁሉም ይጠየቃል።

ከሕክምናው በኋላ የተነሳው ምስል ሳንባዋ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሳየ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ቀኑን ብቻ ነው የጻፍኩት። ዶክተሯ ግን "አዮዲኑን መሳባቸው መልካም ነው፤ መድኃኒቱ ደርሷቸዋል ማለት ነው" አሉኝ።

ክኒኑ

ዕጢው ከወጣ በኋላ ልጁ በየቀኑ ያንን የሆርሞን ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ ይወስዳል፣ ዕድሜ ልኩን። ለእኔ ከቀዶ ሕክምናውም ከአዮዲኑም የከበደው ይህች ትንሽ ክኒን ናት።

በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ በውኃ ብቻ። ካልሲየምና የደም ማነስ ብረት ክኒን እንዳይገባ ስለሚያደርጉት በአራት ሰዓት ይራቁ። የእኛ ሰሌዳ ጠዋት 12 ሰዓት ሆርሞን፣ 1 ሰዓት ቁርስ፣ 4 ሰዓት ካልሲየም ነበር። ለትንሽ ልጅ ክኒኑን ፈጭቶ በጥቂት ውኃ መስጠት ይቻላል፤ ግን ወዲያው ይጠጣ እንጂ ተበጥብጦ አይቀመጥም። አንድ ቀን ቢረሳ አትደናገጡ፤ ሆርሞኑ ከሰውነት እስኪጎድል ቀናት ይፈጅበታል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ግን ሌላ ነው። ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት ቲኤስኤች ከ0.3 ወደ 41 ዘለለ። ዶክተሯ ወረቀቱን አሳዩኝና ምንም አላሉም። ቤት ገብቼ አልጋዋን ስስብ ከግድግዳው ሥር አሥራ ዘጠኝ ክኒን ለቀምኩ። ልጮህ ነበር። "ለምን?" ብቻ አልኳት። "በየጠዋቱ ስውጠው ታምሜ እንደነበር ያስታውሰኛል" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አልሰጣትም፣ አልጠይቃትምም፤ ስልኳ ይጮሃል፣ ራሷ ትውጣለች፣ የሳምንት ሣጥኑን እሑድ ማታ ራሷ ትሞላለች። እኔ የማየው በየወቅቱ የሚመጣውን የደም ውጤት ነው። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ፣ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ የመድኃኒቱን መጠን ከማስጨመራችሁ በፊት አልጋውን ሳቡ።

ሌላም አለ። በዚህ በሽታ ቲኤስኤች ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ እንደ ካንሰሩ አደገኛነት ይለያያል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ "መጠኑ በዝቷል" ብሎ ሊቀንሰው ይችላል። በእኛም ላይ በጉንፋን ምክንያት በሄድንበት አንድ ክሊኒክ ደርሷል። ግቡ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በወረቀት አስጽፋችሁ ከካርዱ ጋር ያዙ። እውነትም ከበዛባት ግን ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጥራታል፣ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቅታታል። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ደሟ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ልጅ እያደገ ስለሚሄድ ደግሞ መቀየሩ አይቀርም።

ክትትሉ

ታይሮግሎቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠሩት የታይሮይድ ሴሎች ብቻ ናቸው። ዕጢው ከወጣ በኋላ በደም ውስጥ ከተገኘ አንድ ቦታ የቀረ አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ አሠሩት፤ ላቦራቶሪው ሲቀየር ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል። ሰውነት በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካልም አብሮ ይለካ፤ እሱ ካለ ታይሮግሎቡሊኑን ውሸት ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል።

የልጄ ከአዮዲኑ ዓመት በኋላ 38 ነበር። "ሁለተኛ ዙር አይሰጣትም?" ብዬ ለመንኩ። ዶክተሯ እምቢ አሉ። በልጆች ላይ አዮዲኑ ከተሰጠ በኋላ ቁጥሩ ለዓመታት እየወረደ ሊሄድ ይችላል፤ እየወረደ እያለ መድገም ትርፉ ጨረር ነው አሉኝ። 38፣ 17፣ 9፣ 4፣ 1.8። አምስት ዓመት፣ አምስት ቁጥር፤ በአንዷም ውስጥ ምንም ያደረግንላት ነገር የለም፣ ክኒኑን ከመውሰድ በቀር። አንገቷ በየስድስት ወሩ፣ ኋላ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከአሥርና ሃያ ዓመት በኋላም የሚመለስ ስላለ ክትትሉ አይዘጋም።

አዮዲን እምቢ ያለው፣ እያደገም የሚሄድ ካንሰር ከሆነ ካንሰሩ ራሱ የጂን ምርመራ ይደረግለት በሉ። በልጆች ዘንድ ኤንትርክና ሬት የሚባሉት ጂኖች ተቆርጠው ከሌላ ጋር የተቀጠሉበት ለውጥ ከአዋቂዎች ይበልጥ ይገኛል፤ ለመጀመሪያው ላሮትሬክቲኒብ፣ ለሁለተኛው ሴልፐርካቲኒብ የሚባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ።

18 ሲሞላት ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ትዛወራለች። ብዙ ወጣቶች የሚጠፉት እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። የፓቶሎጂውን (የወጣው ዕጢ ምርመራ) ውጤት፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የተሰጣትን የአዮዲን መጠንና ቀን፣ የታይሮግሎቡሊን ቁጥሮቿን በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ በእጇ ስጧት፤ ፋይሉ በራሱ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ደብተሩን ነው የሰጠኋት። አልጋዋ ላይ ተጋድማ አንድ ማታ ሙሉ ስታነበው አመሸች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት መጣችና ጣቷን አንድ ገጽ ላይ አድርጋ "እማ፣ እዚህ ጋ ቀኑን ተሳስተሻል፤ ጉንዳኖቹ የመጡት ሐሙስ ነው" አለችኝ።